ስለ ሚጣ ጥንቸልና ስለ ማቆያችን አሻንጉሊቶች እጥበት

(በጥቅምት ወር መደበኛ ስብሰባችን ላይ ከማኅበራችን የሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



እኔን አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በየወሩ መጨረሻ ደረሰኝ አምጡ እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ ነው። ዛሬ ስለ ደረሰኝ አላወራም። ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ለሕፃናት ማቆያችን ከደጋፊዎች አዳዲስ አሻንጉሊቶች ስለ መጡ፣ ልጆቹ ከቤታቸው ይዘው የሚመጧቸው ያረጁና የቆሸሹ የጨርቅ አሻንጉሊቶች ተሰብስበው ይወገዱ የሚል ነው። ሐሳቡ በክፋት የመጣ አይደለም። ንጽሕና ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ክፍሉ ጽዱ ሆኖ መታየት አለበት። ብዙዎቻችን እጃችንን አወጣን። እኔ እጄን አላወጣሁም፤ ግን አልተቃወምኩምም። ጸሐፊያችን በቃለ ጉባኤው ላይ «ተቃውሞ የለም» ብላ ስትጽፍ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግሥቱ ለሊቀመንበራችን ደውዬ፣ «እትዬ፣ ይኼ ነገር ከመፈጸሙ በፊት ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ» አልኳቸው። እሳቸውም «ስለ አሻንጉሊት ግማሽ ሰዓት?» ብለው ሳቁና ፈቀዱልኝ።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

እኔ ዘንድ አንዲት ሕፃን እንዳለች ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የእህቴ ልጅ ናት፤ ሚጣ ነው የምንላት። እህቴ ዓረብ አገር ስትሄድ ልጅቷ ገና አንድ ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። አሁን አራት ዓመት ልትደፍን ነው። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል እንዲህ ያለ ልጅ በቤቷ ወይም በዘመዷ ቤት የሌላት ጥቂት ስለሆነች፣ ይህን ብዙ አላብራራውም።

እህቴ ልትሄድ አንድ ወር ሲቀራት ከመርካቶ አንዲት የጨርቅ ጥንቸል ገዝታ መጣች። አዲስ አይደለችም፤ ከቦንዳ የተፈታች ልባሽ ናት። ግራጫ ናት፣ ሆዷ ነጭ፣ ጆሮዋ ረጅም። በደንብ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ ከዚያ በኋላ እስክትሄድ ድረስ በየሌሊቱ ደረቷ ላይ ለጥፋ ተኛች። ጠዋት ስትነሣ ልጅቷን በአንድ ክንዷ፣ ጥንቸሏን በሌላው ክንዷ ይዛ ነበር የምትወጣው። ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኳትም። እንዲያውም ትንሽ አፍሬባት ነበር፤ ትልቅ ሴት በአሻንጉሊት ትጫወታለች ብዬ። የሄደች ቀን ሌሊት ሚጣ በጣም አለቀሰች። ጥንቸሏን ስሰጣት አፍንጫዋን ሆዷ ውስጥ ቀበረችና ተኛች። ከዚያ ወዲህ ያለ እሷ ተኝታ አታውቅም።

ጥንቸሏ ምን እንደምትመስል ልነግራችሁ አይገባም፤ ማቆያ ክፍላችን ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ሽሮ ነክቷታል፣ ሻይ ፈስሶባታል፣ ጆሮዋ ሁሌ አፍ ውስጥ ስለሆነ ጠንክሮ ደርቋል፣ ታክሲ ውስጥ ወድቃ ተረግጣለች። ነጭ የነበረው ሆድ የአመድ መልክ ያዘ።

ያለፈው ዓመት በጋ ላይ ሚጣ ሌሊት ሌሊት ትስል ጀመር። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሟ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። ምን ላይ ትተኛለች? ምን ታቅፋ ትተኛለች? ከሰል የምታያይዙት የት ነው? እኔ ከሦስቱ የሰማሁት መካከለኛውን ብቻ ነው። ቀላሉ እሱ ነዋ! ፍራሽ መቀየር ገንዘብ ነው፤ ከሰሉን ከቤት ማውጣት ደግሞ ከእናቴ ጋር ያጣላል፤ ጥንቸል ማጠብ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ስትተኛ ከእጇ ቀስ ብዬ አወጣኋት። ሙቅ ውሃ፣ ኦሞ፣ ከዚያ ነጩ ሆድ አልለቅ ሲለኝ በረኪና። በብሩሽ ፈተግኳት። በሁለት ጆሮዋ ገመድ ላይ ሰቀልኳት። ማታ ሳወርዳት ሆዷ በረዶ መስሏል። ኩራት ተሰማኝ፤ እውነቴን ነው። ሽታዋ ግን የሆስፒታል ኮሪደር ሽታ ነበር።

ሚጣ ተቀበለችኝ። አሸተተቻት። አላለቀሰችም። መሬት ላይ አስቀመጠቻትና አልጋ ሥር ጎንበስ ብላ አየች። በር ኋላ አየች። «ጥንቸሌስ?» አለችኝ። «ይኸውልሽ» አልኳት። «ይቺ አይደለችም» አለች።

ሦስት ሌሊት እንዲሁ አለፈ። ቀን ቀን ትፈልጋለች፣ ማታ ማታ ታለቅሳለች። በአራተኛው ቀን እህቴ እንደ ልማዷ በኢሞ ደወለች። ልጅቷ ወደ ስልኩ አልመጣም አለች፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። እህቴ «ምን ሆና ነው?» ስትለኝ ነገርኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ ሃሎ አልኩ። አልተቋረጠም። «አጠብሻት?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

እንግዲህ እኔ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝ። በእኛ መዝገብ አሻንጉሊት አላቂ ዕቃ ነው። ገቢ ሲሆን ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፣ ለማቆያው ሲሰጥ ወጪ ይደረጋል፣ ከዚያ በኋላ በመዝገብ ላይ የለም። ሲያረጅ ማንም አይጠይቅም። በዚህ አስተሳሰብ ነው ያጠብኳት። ለካስ እህቴ ትታ የሄደችው ጥንቸል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ለማቆያ ሠራተኞቻችን በተሰጠው የሕፃናት እንክብካቤ ሥልጠና ላይ የተበተነው ጽሑፍ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ የፎቶ ኮፒውን ክፍያ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ገጽ አላነበብኩትም ነበር። እዚያ ውስጥ ዶናልድ ዊኒኮት ስለሚባሉ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም ይናገራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ልጆቻቸውን ከቦምብ ለማዳን ከትልልቅ ከተሞች እያወጡ ወደ ገጠር ይልኩ ነበር። ዊኒኮት ከእናታቸው ከተለዩት ከእነዚያ ልጆች ጋር ሠርተዋል። በ1951 ባቀረቡት ጥናት፣ ብዙ ሕፃናት ገና ዓመት ሳይሞላቸው አንድ ነገር መርጠው እንደሚይዙ ጻፉ። የብርድ ልብስ ጫፍ ሊሆን ይችላል፣ ጨርቅ ወይም አሻንጉሊት ሊሆን ይችላል። ለልጁ ያ ነገር እናቱ አይደለችም፤ ግን ዝም ብሎ ዕቃም አይደለም። በእናቱና በሌላው ዓለም መካከል የሚቆም ድልድይ ነው። ሐኪሙ ያስተዋሉት ሌላም ነገር አለ። እናቶች ይህን ዕቃ ሲቆሽሽና ሲሸት እንኳ እያዩ ይተዉታል። ስንፍና አይደለም። ማጠብ ለልጁ አንድ ያልተቋረጠ ነገር መቁረጥ እንደሆነ ስለሚገባቸው ነው። እህቴ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ ይህን ሁሉ ሳታነብ ታውቀው ነበር።

ሌላም ጥናት አለ፤ ይኼኛው በቀጥታ ያለፈውን ውሳኔያችንን ይነካል። ብሩስ ሁድ እና ፖል ብሉም የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2008 ያሳተሙት ነው። ከ3 እስከ 6 ዓመት ለሆኑ ልጆች ዕቃን አባዝቶ የሚያወጣ የሚመስል ማሽን አሳዩዋቸው። እውነተኛ አይደለም፤ ማታለያ ነው። ልጆቹ ተራ አሻንጉሊት ሲሆን «አዲሱን» በደስታ ወሰዱ። አቅፈው የሚተኙት የራሳቸው ሲሆን ግን አብዛኞቹ የፈለጉት የድሮውን ነው። እንዲያውም አንዳንዶቹ ገና ከመጀመሪያው ማሽኑ ውስጥ አናስገባም ብለው እምቢ አሉ። እንግዲህ የእኛ ልጆች አሮጌው ተወስዶ አዲስ ቢሰጣቸው ምን እንደሚሉ መገመት አያቅተንም። «ይቺ አይደለችም» ይላሉ።

ደጋፊዎቻችን በዚህ ቅር እንዳትሰኙብኝ። የላካችኋቸው አሻንጉሊቶች ለቀን ጨዋታ በጣም ያስፈልጉናል፤ ልጆቹም ወደዋቸዋል። እኔ የምለው፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም ነው።

«ታዲያ ቆሻሻው እንዲሁ ይቀመጥ?» ትሉኛላችሁ። አይቀመጥም። ሐኪሟ የተናገረችው ልክ ነበር። አቅፈን የምንተኛው ነገር ሁሉ አቧራ ይይዛል። አቧራ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ፣ ከቆዳችን የሚረግፈውን ቅርፊት የሚመገቡ ተባዮች ይኖራሉ። አስም ወይም አለርጂ ያለበትን ልጅ እነሱና ኩሳቸው ያስሉታል። የረጠበ ሆድ ሻጋታ ያበቅላል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ አፉ ውስጥ የከተተውን ጆሮ ሌላው ልጅ ሲቀበለው በሽታውን አብሮ ይቀበላል። ስለዚህ ማጠብ አለብን። እኔ ያጠፋሁት ማጠቤ ላይ ሳይሆን አስተጣጠቤ ላይ ነው።

ዋናው ነገር ልጁ ሳያውቅ አለማጠብ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ጥንቸሏ ስትታጠብ (ከአራት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሽታዋ ቀስ በቀስ ተመልሶ ሚጣም ታርቃት ነበር) አስቀድሜ ሁለት ቀን ሙሉ ነገርኳት። «ቅዳሜ ጥንቸል ገላዋን ትታጠባለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ማታ ካንቺ ጋር ትተኛለች» እያልኩ። ቅዳሜ ጠዋት በማለዳ ጀመርን፤ ከሰዓት በኋላ የተጀመረ እጥበት ማታ አይደርቅም። የመጨረሻውን ሳሙናና ማለቅለቂያውን ራሷ ሠራች። ጆሮዋን አሸች፣ «ዓይንሽን ጨፍኚ» አለቻት። ከዚያ በርጩማ አምጥታ ገመዱ ሥር ተቀመጠች። በየአሥር ደቂቃው «እቴቴ፣ ደረቀች?» ትለኛለች። ምሳዋን እዚያው በላች። ሥራ አላሠራችኝም፤ ግን አላለቀሰችም። ማታ አሸተተቻት፣ ትንሽ ፊቷን ቋጠር አደረገች፣ «ሳሙና ሳሙና ትላለች» አለችና አቅፋት ተኛች።

ስለ ውሃው ሙቀት ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ቁጥር ስለማልፈራ። ያልኳችሁን ተባዮች የሚገድላቸው 60 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ነው። ቴርሞሜትር ያላት ካለች እሰየው። እኔ የለኝም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቧንቧችን ውሃ 18 ያህል ነው ብንል፣ ሁለት ጆግ የፈላ ከአንድ ጆግ ቀዝቃዛ ጋር ስንደባልቅ 67 ገደማ ይሆናል። ሳፋው ውስጥ ገብቶ ጥቂት ሲበርድ ወደ 60 ይወርዳል። እኩል እኩል ከደባለቃችሁ ግን 55 ስለሚሆን አይደርስም። ይኼ ውሃ እጅ ይልጣል። በዱላ ነው የሚነከረው፤ ልጆች በአጠገቡ ድርሽ አይበሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ውሃው ከተደፋ በኋላ ነው በቀዝቃዛ ውሃ ልጁ የሚገባበት።

ሁሉም አሻንጉሊት ግን ይህን ሙቀት አይችልም። ከማጠባችሁ በፊት ሆዱን ጫን ጫን አድርጋችሁ ውስጡን እወቁ። ፋይበር ከሆነ እንደ ልብ ይታጠባል፤ ሲደርቅ ይነፋል። የተቀዳደደ ስፖንጅ ከሆነ ውሃ ይዞ አልለቅም ይላል፤ እሱን ጀርባውን ተርትሮ ስፖንጁን አውጥቶ ቆዳውን ብቻ አጥቦ እንደገና መሙላት ይሻላል። ጥጥ ከሆነ ይጓጉላል። እህል የተሞላም አጋጥሞኛል፤ እሱ ውሃ ከነካው ያቆጠቁጣል ወይም ይበሰብሳል። የሚዘፍኑት ደግሞ ባትሪ አላቸው፤ ስፌቱን ፈትቶ ማውጣት ነው፤ እውነቱን ለመናገር መልሶ ባይገባም ቅር የሚለኝ የለም። ዓይናቸው በሙጫ የተጣበቀ ከሆነ ሙቅ ውሃ ያስለቅቀዋል። የወለቀ የፕላስቲክ ዓይን ትንሽ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ከገባ ያንቃል። ካለፈው ዓመት ከረጢት ውስጥ ሰባት ዓይኖች ወለል ላይ ለቅሜያለሁ። የጥልፍ ክፍላችን እህቶች በጥቁር ክር ዓይን ቢጠልፉላቸው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከፕላስቲኩም ያምራል። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ደግሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫፉ ላይ አሽታችሁ እዩ።

ሳሙናው ቀላል ይሁን። ትንሽ ላርጎ ወይም የገላ ሳሙና ይበቃል፤ ዋናው ማለቅለቁ ነው። አረፋ ሆድ ውስጥ ከቀረ ልጁ ሲመጥጠው ይውጠዋል። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ፣ ውሃው እስኪጠራ። ሽቶ ያለው ነገር አታድርጉበት፤ ማጥፋት የማንፈልገውን ሽታ ነው የምንቀብረው። በረኪናን በተመለከተ ከእኔ ተማሩ። ቀለም ይበላል፣ ሽታው ቀናት ይቆያል። ከሁሉ በላይ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አትደባልቁ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። «ይበልጥ ያነጣዋል» ብለን የምንደባልቅ አለንና ነው።

አንዲት እናታችን ባለፈው «በእንዶድ እጠቧቸው፤ እኛ ነጠላችንን በሱ ነበር የምናነጣው» ብለውኛል። እማማ፣ እውነትዎን ነው። እንዶድ ጥሩ ሳሙና ነው። ግን ታላቁ ሳይንቲስታችን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አድዋ ላይ ያዩትን ያስታውሱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ከዚያ ተነሥተው ነው የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ የሚያጠፋ መሆኑን ለዓለም ያሳወቁት። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ሕፃን አፍ የሚገባ ጨርቅ ላይ ባይደረግ ይሻላል። ለነጠላው ይሁን።

ከታጠበ በኋላ አትጠምዝዙት፤ ውስጡ ይዞራል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት። ልጆቹ ፎጣው ላይ ቆመው እንዲረግጡ ፍቀዱላቸው፤ ይስቃሉ፣ ውሃውም ይወጣል። በጆሮ አይሰቀልም፤ ጆሮ ይረዝማል። የሽንኩርት መረብ ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ ከረጢቱን ስቀሉት፤ ነፋስ በሁሉም በኩል ያገኘዋል። ላዩ የደረቀ ሁሉ አይደርቅም፤ ስፌቱ ያለበትን ተጭናችሁ ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት። ቀዝቃዛ ከተሰማችሁ ገና እርጥብ ነው። በክረምት ሙሉ እጥበት አትሞክሩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የታጠበ አሻንጉሊት አንድ ሳምንት እርጥብ ሆኖ ሻጋታ ያወጣል። ያን ጊዜ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ደረቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ አቆይቶ በብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። ከከሰል ምድጃ በላይ ማድረቅ ግን አይሆንም፤ ይህ ፋይበር እሳት ይወዳል።

ጨርሶ ውሃ የማይነካው ከሆነና ፍሪዘር ያላችሁ ካላችሁ፣ በፌስታል አስሮ ከ24 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ማስቀመጥ ተባዩን ይገድለዋል። መብራት ካልሄደ ነው ታዲያ። የሞተውም ቢሆን ውስጡ ይቀራልና ሲወጣ ውጭ በደንብ ማራገፍ ያስፈልጋል። እከክ የያዘው ልጅ አሻንጉሊት ደግሞ በፌስታል ታስሮ አንድ ሳምንት ይቀመጥ፤ የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ከወጣ ከ2 እስከ 3 ቀን በላይ አይቆይም። ያን ሳምንት ልጁ ምን እንደሚያደርግ ግን አስቡበት። ፌስታሉ ነጭ ቢሆንና ልጁ ቢያየው ይመረጣል፤ «ጥንቸል ታማለች፣ ተኝታለች» ማለት ይቻላል።

ስለ ሽታው ደግሞ ይህን አደረግን። እህቴ ካለችበት አገር ወደ አገሯ ከምትመለስ ሴት ጋር፣ ለብሳው የሰነበተችውን የራስ ሻሽ ሳታጥበው በፌስታል ጠቅልላ ላከችልኝ። ሴትየዋ ስታቀብለኝ «ቆሻሻ ልብስ ነው እኮ፣ ተሳስታ ይሆን?» አለችኝ። አልተሳሳተችም። ግማሹን ቀደድኩና የጥንቸሏን ጀርባ ተርትሬ ትንሽ ኪስ ሠርቼ እዚያ ከተትኩት። ጥንቸሏ ስትታጠብ አወጣዋለሁ፣ ስትደርቅ እመልሰዋለሁ። ሌላው ግማሽ በክዳን ዕቃ ውስጥ ታሽጎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ መጠባበቂያ ነው። ማቆያችን ውስጥ እናታቸው ወይም አባታቸው ርቀው የሄዱ ልጆች ስላሉ ነው ይህን ዘርዝሬ የምነግራችሁ። አሁን ልትሄድ የተዘጋጀች ካለችም ሳትሄድ ታስብበት።

ስለ ሚጣ ሳል ካልነገርኳችሁ ታሪኩ ይጎድላል። ጥንቸሏን በማጠብ ብቻ አልዳነችም። ሳሉ የቀነሰው ከእናቴ ጋር ተጣልተን ተጣልተን ከሰሉን ደጅ ማያያዝ ስንጀምርና ፍራሹን በየሳምንቱ ፀሐይ ማስመታት ስንጀምር ነው። ሐኪሟ ከጠየቀችኝ ሦስት ነገሮች ሁለቱን ትቼ በልጅቷ ዕቃ ላይ መዝመቴ አሁንም ይቆጨኛል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይኼን ነው። ባለፈው ቃለ ጉባኤ ላይ የተጻፈው «ይወገዱ» የሚለው ቃል ይሻርና በምትኩ «ይታጠቡ፣ ይጠገኑ» ይባል። ማቆያው ውስጥ በመደርደሪያው ላይ በየልጁ ስም አንድ አንድ ቦታ ይሰጣቸው፤ አንዱ የሌላውን አፉ ውስጥ እንዳይከት። እንግዳ መጥቶ ፎቶ ሲነሣም እነሱን የምንደብቅበት ምክንያት አይታየኝም። ወጪውን አስልቼዋለሁ፤ ሁለት ትልልቅ ሳፋ፣ ሳሙና፣ ክርና መርፌ፣ ፎጣ ነው፤ የሽንኩርት ከረጢቱ ነጻ ነው። ከጽዳት ዕቃ በጀታችን ውስጥ ይገባል፤ ተጨማሪ ማጽደቅ አያስፈልግም። ደጋፊዎቻችን ደግሞ ወደ ፊት አሻንጉሊት ስትልኩልን አሥር ዓይነት ከምትልኩ አምስቱን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ላኩልን። ገና ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከመጀመሪያው ሁለት ተመሳሳይ እያፈራረቅን ብንሰጠው፣ ሁለቱም እኩል ይቆሽሻሉ፣ እኩል ይሸታሉ፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው አለ። አንዱን መርጦ ከያዘ በኋላ ግን ጥንዱ አይረዳም፤ ያልኳችሁን ጥናት አስታውሱ።

ጥቅምት ነው፤ ፀሐይም ነፋስም አለ። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በማኅበሩ ግቢ ውሃ እናፈላለን። ሳፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ልጆቹን አምጧቸው፤ ያለ እነሱ አንጀምርም። ለወላጆቻቸው ከረቡዕ ጀምሮ እንድትነግሩልኝ ተንከባካቢዎቻችንን እጠይቃለሁ፤ ልጆቹ ሁለት ቀን ቀድመው ይወቁት። ሚጣም ጥንቸሏን ይዛ ትመጣለች። እሷን ግን ማንም እንዳይነካባት፤ ራሷ ናት የምታጥባት።